ኒው ፎረስት ከነልጅ ከነእናት፦ የትኛው ጫካ፣ የትኛው ፐብ፣ ለማን?

ባለፈው ነሐሴ ከለንደን ወደ ኒው ፎረስት፣ በደቡብ እንግሊዝ ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ፣ የተነሳነው ስድስት ሆነን ነው። እናቴ፣ እኛ ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች። የምንሄድበትን ቦታ ለመምረጥ አንድ ሳምንት ፈጅተናል። ፎቶ አየን፣ የሰው አስተያየት አነበብን፣ ተከራከርን። ምሳ የት እንደምንበላ ግን ያሰበ አልነበረም። "እዚያ አካባቢ ፐብ ሞልቷል" ተባለና ሄድን። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእንግሊዙ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ በእግር መንገድ ዝለው አንድ አበባ የተንጠለጠለበት የሚያምር ፐብ በር ላይ ደረስን። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ልጅ በትሕትና ነገረችን፦ ወጥ ቤቱ በእንግሊዙ ሁለት ተኩል ላይ ተዘግቷል፣ የሚከፈተው ማታ በእንግሊዙ ስድስት ሰዓት ነው።

ፍልሰታ ነበር። እናቴ የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እህል የምትቀምስበት ሰዓት ሲደርስ የእነሱ ምድጃ ጠፍቶ ጠበቃት። ለልጆቹ የተገኘው በላስቲክ የታሸገ ድንች ጥብስ ብቻ ነበር። እሷ "እኔ ምንም አልሆንም፣ ለልጆቹ ፈልጉላቸው" እያለች ደጅ ያለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ሄደናል። ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው እናቱን እንደዚያ እንዳያስቀምጥ ብዬ ነው። ኒው ፎረስት ላይ ቦታና ምሳ ለየብቻ አይመረጡም፤ ጥንድ ናቸው። ጫካው ሰፊ ነው፣ መንገዱ ጠባብና ቀስ ተብሎ የሚነዳበት ነው፣ ስልክ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራም። የተራበ ልጅ ይዞ ፐብ ፍለጋ መዞር ቀኑን ያበላሻል። ስለዚህ ከታች የማወዳድረው ቦታን ከቦታ ሳይሆን ጥንድን ከጥንድ ነው። ከዚህ በኋላ ሰዓቱንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለማያውቀው ሰው

ኒው ፎረስት ከሳውዝሃምፕተን በስተ ምዕራብ ነው ያለው። ከለንደን በኤም 3 ወጥታችሁ ኤም 27 ላይ ትገቡና መውጫ 1 ላይ ትወርዳላችሁ። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስሙ አዲስ ጫካ ማለት ቢሆንም ዊልያም ድል አድራጊው ለንጉሥ አደን ብሎ የከለለው በ1079 ነው። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደግሞ በ2005። "ጫካ" ስትባሉ ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቻ አትጠብቁ፤ ግማሽ መንገድ የምታዩት ቁጥቋጦ የለበሰ ገላጣ ሜዳ ነው፣ ልክ ከከተማ ወጣ ሲሉ እንደሚታየው የጋራ ግጦሽ።

የጋራ ግጦሽ ያልኩት በምክንያት ነው። በየመንገዱ የምታዩዋቸው ድንክ ፈረሶች፣ አህዮችና ላሞች የዱር እንስሳት አይደሉም። ባለቤት አላቸው። የአካባቢው ሰዎች ከቤታቸውና ከመሬታቸው ጋር አብሮ የሚሄድ የግጦሽ መብት አላቸው፣ እንስሶቻቸውን ይለቃሉ፣ እንስሶቹም ያለ አጥር ይዞራሉ። የፈረሶቹን ጭራ ልብ ብላችሁ ብታዩት ጫፉ በተለያየ ቅርጽ የተቆረጠ ነው፤ የትኛው ፈረስ በየትኛው ተቆጣጣሪ ክልል ሥር እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ የወደደችው ይህንን ነው። "እንግሊዞችም ከብት ይለቃሉ እንዴ!" አለች፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ላም እየመረመረች "ይቺ ታልባለች፣ ያቺ ከስታለች" ስትል ዋለች።

ሁለት ነገር ግን ክልክል ነው፣ ሁለቱም እኛን ይነኩናል። አንደኛው እሳት ነው። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በጫካው ክፍት ቦታዎች ላይ ሥጋ መጥበስና እሳት ማንደድ ያስቀጣል። ከሰልና ጀበና ይዘን እንሂድ የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ቡናውን ቤት አፍሉትና በፔርሙዝ ያዙት። ስኒውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆሎውንም እንደዚያው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ይጣፍጣልም። ሁለተኛው ፈረሶቹንና አህዮቹን ማብላትና መደባበስ ነው። ልጆች ዳቦ መስጠት ይወዳሉ። ነገር ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ ይናከሳል፣ መኪና ባየ ቁጥር ወደ መንገድ ይወጣል፣ በመኪና ይገጫል።

ፐብ ጠላ ቤት አይደለም

ብዙዎቻችን ልጅ ይዘን ፐብ መግባት ይከብደናል። እናቴ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆማ "ልጆቹን መጠጥ ቤት ልታስገቡ ነው?" ብላ ነበር። እውነቷን ነው፣ በእኛ አገር መጠጥ ቤት ልጅ የሚወሰድበት ቦታ አይደለም። የገጠር ፐብ ግን ቀን ላይ የሰፈር ምግብ ቤት ነው ብላችሁ አስቡት። አያት አለ፣ ሕፃን አለ፣ ጭቃ የነካው ቦት የተጫማ ተጓዥ አለ። ልጆች ከአዋቂ ጋር መግባት በሕግ ይፈቀድላቸዋል፤ ቤቱ ግን የራሱን ሰዓትና ክፍል ሊወስን ይችላል፣ ስለዚህ ስትደውሉ ጠይቁ። አልኮል የማዘዝ ግዴታ የለም። ሻይ ብቻ ብታዙም ማንም ፊቱን አያጠቁርባችሁም።

የሚያደናግረን ሌላው ነገር አዘዛዙ ነው። ቁጭ ብለን አስተናጋጅ እንጠብቃለን። አስተናጋጅ አይመጣም! ጠረጴዛ ይዛችሁ፣ ቁጥሩን አይታችሁ፣ አንድ ሰው ወደ ባንኮኒው ሄዶ ያዛል፣ እዚያው ይከፍላል፣ ምግቡ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣል። ወጥ ቤቱ በብዙ ቤቶች ከ12 እስከ 2:30 ገደማ ሠርቶ ይዘጋና ማታ 6 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ የሚያበስሉም አሉ። እሑድ ደግሞ ሁሉም ሰው ለጥብስ ሥጋ ስለሚመጣ ቀድማችሁ ቦታ ካላስያዛችሁ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ውሻም አለ። ጠረጴዛ ሥር የተኛ ውሻ እዚያ የቤተሰብ አባል ነው። ልጃችሁ የሚፈራ ከሆነ፣ ወይም አብሯችሁ ያለው ሰው ከውሻ ጋር በአንድ ክፍል መብላት የማይችል ከሆነ (እናቴ አትችልም) ውሻ የማይገባበት ክፍል እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 7 እስከ 21 ነው በፈረንጆቹ፣ ማለትም የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት መሃል ላይ። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ የሚወጣበት ሳምንት የእኛ ጾም ነው። "ቬጀቴሪያን" ብላችሁ ብታዙ አይብና እንቁላል ይመጣላችኋል። የምትፈልጉት ቃል "ቪጋን" ነው። ዛሬ ሜኑው ላይ ቪጋን የሌለው ፐብ ብዙም አይገጥምም፣ ቢያንስ አንድ በርገር ወይም ካሪ ይኖራል። በምድጃ የበሰለ ሙሉ ድንች ከቀይ ባቄላው ጋር አስተማማኝ ነው፣ "ቅቤ እንዳታደርጉበት" ማለትን ግን አትርሱ። ድንች ጥብሱን በምን እንደሚጠብሱት ጠይቁ፤ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ሙስሊም ቤተሰቦችም ይህንን ይጠይቁ። ዓሣው የሚነከርበት ሊጥም ብዙ ጊዜ በቢራ የተቦካ ነው፣ ሳይጠየቁ አይናገሩም። ሃላል ሥጋ ገጠር ፐብ ውስጥ አትጠብቁ።

በምን መስፈርት?

እኔ አሁን የምጠይቀው እነዚህን ነው። ትንሹ ልጅ በእግሩ የቱን ያህል ይሄዳል? የልጅ ጋሪ ይነዳበታል? አዛውንት የሚቀመጡበትና ቅርብ ሽንት ቤት አለ? ዝናብ ቢመጣ የት እንገባለን? መግቢያ ይከፈልበታል ወይስ ነጻ ነው? ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከመጨረሻው የእግር መንገድ እስከ ምሳው ጠረጴዛ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ከሩብ ሰዓት ከበለጠ እኔ ያንን ጥንድ እተወዋለሁ። "ታዋቂ ነው" የሚባለውን መስፈርት አላስገባሁትም።

ቦልደርውድ እና ብላክዎተር፣ ምሳ ባንክ መንደር

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ቦልደርውድ ላይ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ እንደተራመዳችሁ ወደ ሜዳ የሚያሳይ የእንጨት መድረክ አለ። አጋዘኖች ይወጣሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ሄደን አንዱን ጊዜ ባዶ ሜዳ ነው ያየነው። የወጡ ቀን ግን የአራት ዓመቷ ልጃችን አፏን በእጇ ይዛ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆመች፣ እሷ እንዲያ ስትቆም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መኪና ውስጥ ገብታችሁ በዛፍ መሃል በሚሄደው መንገድ ወደ ብላክዎተር ውረዱ። መንገድ ላይ ናይትውድ ኦክ የሚባለው ከ500 ዓመት በላይ የኖረ ዛፍ አለ፣ ግንዱ ዙሪያው ከሰባት ሜትር ያልፋል፣ ከመኪና ወርዶ አይቶ መመለስ ብዙ አይፈጅም። ብላክዎተር ላይ የረጃጅም ዛፎች መንገድ የሚባል ዙሪያ አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ሜዳማ ነው፣ የልጅ ጋሪ ይሄድበታል። በ1850ዎቹ የተተከሉ የሴኮያ ዛፎች አሉበት፣ ከሃምሳ ሜትር በላይ የቆሙ። ቅርፊታቸውን በጡጫ ብትመቱት አያምም፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ ልጆቹን ከዚያ ማላቀቅ ከበደኝ። ሽንት ቤት ቦልደርውድም ብላክዎተርም ላይ አለ፣ ለአዛውንት ዋናው ነገር እሱ ነው።

ምሳው ባንክ የምትባለው ትንሽ መንደር ውስጥ ያለው ኦክ ኢን ነው። ከሊንድኸርስት አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ቤቱ አሮጌና ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ። ጠባብነቱ ነው ችግሩ፦ ስድስት ሰው ሳይደውል ከሄደ ቦታ አያገኝም። ካልተሳካ ሊንድኸርስት ቅርብ ነው፣ እዚያ ካፌም ምግብ ቤትም ሞልቷል። የዚህ ጥንድ ደካማ ጎን ዝናብ ነው፤ ከመኪናው በቀር መጠለያ የላችሁም። ያለ መኪናም አይሞከርም።

ቢውሊ፣ ምሳ ተርፍከተርስ አርምስ

ስሙ ሲጻፍ ፈረንሳይኛ ነው፣ ሲነበብ ግን "ቢውሊ" ነው፤ መንገድ ስትጠይቁ እንደተጻፈው ካነበባችሁት ላይገባቸው ይችላል። በአንድ ትኬት የመኪና ሙዚየሙን፣ የባላባቱን ቤትና በ1204 የተመሠረተውን ገዳም ፍርስራሽ ታያላችሁ። ሙዚየሙን የጀመሩት ሎርድ ሞንታጉ ናቸው፣ በ1952። በ1964 በሰዓት ከ400 ማይል በላይ የሮጠችው ሰማያዊ መኪና እዚያ አለች። መኪና የሚወድ ልጅ ካላችሁ ቀኑ አለቀ፣ ሌላ ነገር አታቅዱ። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ሰላዮች የሠለጠኑት እዚህ ግቢ አካባቢ ስለነበር ስለ እሱም ኤግዚቢሽን አለ፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃችን ከመኪኖቹ ይልቅ እዚያ ቆየ።

ትልቁ ጥቅሙ ጣሪያ መኖሩ ነው። ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ሳላስብ የምመርጠው ይህንን ነው። ጉዳቱ ዋጋው። ለትልቅ ቤተሰብ ትኬቱ ከምሳው ሊበልጥ ይችላል፣ ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ያለ ትኬትም ይሆናል፦ አህዮቹ በመንደሩ ጎዳና ላይ እንደ ሰው ይንሸራሸራሉ፣ ትንሽ ነዳ ስትሉ ሃቼት ፖንድ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ልጆች ዳክዬ እያዩ ይሮጣሉ፣ አዛውንት መኪና አጠገብ ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ።

ተርፍከተርስ አርምስ ኢስት ቦልድር መንደር ውስጥ ነው፣ ከሐይቁ ሩቅ አይደለም። ስሙ "ሣር ቆራጮች" እንደማለት ነው። የአካባቢው ሰው ከነአፈሩ የደረቀ ሣር እየቆረጠ ለማገዶ የመጠቀም ጥንታዊ መብት ነበረው፣ ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ኩበት አልነበራቸውም?" ብላ ጠየቀችኝ። ፈረሶችና አህዮች ደጁ ድረስ ይመጣሉ። ውሻና ጭቃ ቦት የለመደ ቤት ስለሆነ ልጅ ቢያቆሽሽ የሚቆጣ የለም።

በግንቦት የምትሄዱ ከሆነ ቢውሊን በኤክስበሪ የአበባ ግቢ ቀይሩት፣ ቅርብ ነው። የሮድሻይልድ ቤተሰብ ያለማው 200 ኤከር ግቢ ሲሆን በግንቦት አበባው ተራራ ያክላል፤ ውስጡም በእንፋሎት የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለ። ለእናት ስጦታ የሚሆን ቀን ነው። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ዝግ ነው።

ሚንስቴድ እና የሩፈስ ድንጋይ

ለግማሽ ቀን ብቻ ለሚመጣ። ከኤም 27 እንደወረዳችሁ ቅርብ ነው፣ ወደ ጫካው ጥልቀት አትገቡም። የሩፈስ ድንጋይ የሚባለው ንጉሥ ዊልያም ሁለተኛው በነሐሴ 1100 በአደን ላይ ሳለ በቀስት ተመትቶ ወደቀበት የሚባለው ቦታ ላይ የቆመ ምልክት ነው። ራሱ ድንጋዩ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ታሪኩ ግን ልጆችን ይይዛል፦ ቀስቱን የወረወረው ዋልተር ቲረል ነው ይባላል፣ ሳያስበው ይሁን አስቦበት እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ሰውየው ወዲያው ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። አጠገቡ ያለው ፐብ የተሰየመው በዚሁ ሰው ስም ነው፣ ሰር ዋልተር ቲረል። የልጆች መጫወቻ አለው። ልጆቹ ሲጫወቱ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ፣ ሦስት ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሚንስቴድ መንደር ያለው ትረስቲ ሰርቫንት የሚባል ፐብ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ተቀብሯል።

ፍሪተም እና ሮያል ኦክ

የእኔ ተወዳጅ ይሄ ነው፣ ግን ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ሮያል ኦክ የሳር ክዳን ያለው በጣም ትንሽ ቤት ነው። ቢራው ከበርሜሉ በቀጥታ ነው የሚቀዳው። ምሳው በአብዛኛው ቀዝቃዛ ነው፦ ዳቦ፣ አይብ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት፣ የመሳሰለው። ስለዚህ በጾም ቀን አትሂዱ፣ የሚበላ ነገር ያጥራችኋል። ትኩስ ምግብ ካላየ በላሁ የማይል ሰውም ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዚያ በእግር ወደ አይዎርዝ ኩሬ ይወረዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የባሩድ ፋብሪካ ነበር፣ ኩሬውም ለእሱ ተብሎ የተገደበ ውኃ ነው። መንገድ ዳር ጥቁር የፖስታ ሳጥን አለ፤ ፖስተኛው ፋብሪካው ድረስ እንዳይወርድ ደብዳቤውን እዚያ ይተውላቸው ነበር። ዛሬ ኩሬው ላይ የወፍ ድምፅ እንጂ ሌላ አይሰማም። ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ከዝናብ በኋላም ጭቃ ነው። ትልልቅ ልጆች ወይም ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ ስትመጡ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ብሮከንኸርስት፣ ያለ መኪና

ከለንደን ዋተርሉ በቀጥታ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባቡሩ በሳውዝሃምፕተን በኩል ያልፋል። ጃንሆይ በሰኔ 1936 ለስደት ሲመጡ ከመርከብ የወረዱት ሳውዝሃምፕተን ነው፣ ወደ ዋተርሉ የሄዱትም በባቡር ነበር። ያንን ለልጆቼ የነገርኳቸው እዚያው ባቡሩ ውስጥ ነው፣ በመስኮት ወደብ ይፈልጉ ጀመር።

ከጣቢያው ወጥታችሁ መንደሩ መሃል ስትደርሱ ላም መንገድ ዘግታ ታገኙ ይሆናል። በመንገዱ ጫፍ ውኃ አስፋልቱን አቋርጦ ያልፋል፣ ልጆች ቦት ካላቸው ሌላ መጫወቻ አያስፈልግም። ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ይደረሳል፤ ግቢው ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው የሚባል ዛፍ አለ፣ የብረሸር ሚልስም መቃብር። ይህ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በከሰል አክሳይ ጎጆ ውስጥ ብቻውን እየኖረ እባብ በእጁ እየያዘ ይሸጥ ነበር። ለለንደን እንስሳት ማቆያም ጭምር! መቃብሩ ድንጋይ ላይ እባብ እንደያዘ ተቀርጿል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ፐብ ስሙ ስኔክካቸር፣ "እባብ ያዡ" ነው፤ ምሳችሁን እዚያ በልታችሁ ወደ ባቡር ትመለሳላችሁ። ብስክሌት የሚያከራዩም ጣቢያው አካባቢ አሉ።

ፖልተንስ ፓርክ

ጫካው ዳር ላይ ነው፣ በውስጡ በ2011 የተከፈተው የፔፓ ፒግ ዓለም አለ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ጥያቄው መቼም አይቀርላችሁም። ፐብ አያስፈልገውም፣ ምሳ ይዞ መግባት ይቻላል። ውድ ነው፤ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር በታች የሆኑ ልጆች ግን በነጻ ይገባሉ፣ ስለዚህ ልጃችሁን ቤት በር ላይ ለኩት። ሜትሩን ሊያልፍ የተቃረበ ከሆነ ዘንድሮ ሂዱ። ከጫካው ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅሉት፣ ሁለቱም ይበላሻሉ።

| ጥንድ | ወጪ | እግር መንገድ | ዝናብ ቢመጣ | በጾም ቀን | በባቡር | በተለይ ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቦልደርውድና ብላክዎተር፣ ኦክ ኢን | መግቢያ ነጻ | ቀላል፣ ጋሪ ይሄዳል | መጠለያ የለም | ደውሎ መጠየቅ | አይሆንም | ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ |
| ቢውሊ፣ ተርፍከተርስ አርምስ | ውድ፤ ያለ ትኬት ነጻ | በጣም ቀላል | ጥሩ | ደውሎ መጠየቅ | አስቸጋሪ | መኪና ለሚወድ ልጅ፣ ለዝናብ ቀን |
| ሩፈስ ድንጋይ፣ ሰር ዋልተር ቲረል | ነጻ | የለም ማለት ይቻላል | ፐቡ ብቻ | ደውሎ መጠየቅ | አይሆንም | ለግማሽ ቀን፣ ለትናንሽ ልጆች |
| ፍሪተም፣ ሮያል ኦክ | ነጻ | ዳገትና ጭቃ አለው | አይሆንም | አይሆንም | አይሆንም | ለትልልቅ ልጆች፣ ለጥንዶች |
| ብሮከንኸርስት፣ ስኔክካቸር | የባቡር ትኬት ብቻ | መካከለኛ | መንደር ውስጥ መጠለል ይቻላል | ካፌም ስላለ ይሻላል | በቀጥታ | መኪና ለሌለው |
| ፖልተንስ ፓርክ | በጣም ውድ | ብዙ መቆም | ከፊል | የራስን ይዞ | አይመችም | ከ7 ዓመት በታች |

እና የቱን?

እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተውላችሁ ከሆነ ነጻውን ቢውሊ ምረጡ። ሐይቁ፣ አህዮቹ፣ አጭር መንገድ፣ ቀደም ያለ ምሳ። ሙዚየሙ ለእነሱ ብዙም ላይሆን ይችላል፣ ላሞቹ ግን በእርግጠኝነት ይሆናሉ።

በእኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው አብሯችሁ ካለ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። አንዱ ቀኑን ሙሉ የሚያበስል ፐብ በስልክ አረጋግጦ ጠረጴዛውን ለ3:15 ማስያዝ ነው፣ ልጆቹን መሃል ላይ በሳንድዊች እየያዙ። ሌላው ምግቡን ከቤት ይዞ መሄድ፦ ሽሮው ወፈር ብሎ ይሠራ፣ ጎመኑ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ በሳፋ። ከዚያ ወደ ፐብ የሚገባው ለሻይ ብቻ ይሆናል። እኔ አሁን የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። የራሳችሁን ምግብ ግን ፐብ ጠረጴዛ ላይ አታውጡ፣ ነውር ነው።

ሕፃን በጋሪ ያለው ሰው ብላክዎተርን ይምረጥ። በወር መጨረሻ ኪሱ የሳሳበት ሰው ደግሞ ብሮከንኸርስትን፣ ትኬቱን ቀድሞ ገዝቶ፣ ምሳውን ይዞ።

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ከሄዳችሁ መንገድ ላይ አሳማዎች ታያላችሁ፣ አትደንግጡ። የኦክ ዛፍ ፍሬ ሲረግፍ ለፈረስና ለላም መርዝ ነው፣ አሳማ ግን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ፍሬውን እንዲለቅሙ ቢያንስ ለስድሳ ቀን ይለቋቸዋል። ለልጆች ከየትኛውም የሚከፈልበት ነገር ይበልጣል፣ ከእናቲቱና ከግልገሎቿ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ለማንኛውም ጥንድ የማይቀር አንድ ነገር መዥገር ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ አለ፣ "ላይም" (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ልጆቹን ረጅም ሱሪ አልብሷቸው፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ማታ ስታጥቧቸው ብብት፣ ከጉልበት በስተኋላና የፀጉር ሥር እዩላቸው።

መመለሻውን ደግሞ አስቡበት። የሚነዳው ሰው አይጠጣ፣ "አንድ ብቻ" የሚባለውንም። አጥር በሌላቸው መንገዶች ላይ ከፍተኛው ፍጥነት 40 ማይል ነው፣ ሲመሽ ግን እሱም ይበዛል። ጥቁር ፈረስ በጨለማ አስፋልት ላይ አይታይም። በመንገዱ በስተቀኝ አንዷን ስታልፏት ግልገሏ ከግራ ሊሻገር ይችላል። ከልጆቹ አንዱን ፊት ወንበር አስቀምጡትና የፈረስ ጠባቂ አድርጉት። የእኛው ትልቁ ልጅ "አባዬ፣ በግራ!" እያለ እስከ ኤም 27 ድረስ እንቅልፍ ሳይነካው ይመጣል፣ ከኋላ እናቴና ትንንሾቹ ተደጋግፈው ተኝተው።